የማያባራ ጭንቀት፦ የተለመዱ አባባሎችና እውነታው

«ጭንቀት የሐሳብ ጉዳይ ነው፤ ሰውነትን አይነካም።»

ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ የተሠራ ጥናት ይህን በቁስል አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የመርሳት በሽታ ያለበት ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን ይዘው፣ በዕድሜና በገቢ ከሚመስሏቸው ሌሎች 13 ሴቶች ጋር አነጻጸሩ። ሁሉም ፈቅደው ክንዳቸው ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር የምትሆን ቁስል ተደረገባቸው። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘገየ።

ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች በጭንቀት ጊዜ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ለአጭር ጊዜ ጉልበት ይሰጣል። ለወራት ከፍ ብሎ ከቆየ ግን በሽታ የመከላከል አቅምን ይጫናል፤ የደም ግፊትንና ስኳርን ያባብሳል።

እኛ ዘንድ ሁሉም ታማሚውን ሊጠይቅ ይመጣል። ለወራት እንቅልፍ ያጣችውን ልጁን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚላት ግን ጥቂት ነው። ይሄ ያሳዝነኛል። ብርቱካን ይዞ ከመሄድ ይልቅ «ዛሬ እኔ ላድር፣ አንቺ ቤት ሄደሽ ተኚ» ማለት ይበልጥ ይጠቅማታል።

«ጨጓራ የሚያመው ከሐሳብ ብዛት ነው።»

የጨጓራ ቁስለት ዋና መንስኤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ይህን ያሳዩት አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ያቆስላሉ። ጭንቀት ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ ጨጓራው የሚያመውን ሰው «ዝም ብለህ አታስብ» ብሎ መሸኘት ልክ አይደለም። ይመርመር። ባክቴሪያው በአንቲባዮቲክ ይታከማል።

«የሚጨነቀውስ ትልቅ ኃላፊ ነው።»

እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ጥናት ተቃራኒውን አገኘ። በልብ በሽታ ይበልጥ የሞቱት ዝቅተኛ እርከን ላይ ያሉት ነበሩ። ሲጋራና የደም ግፊት ልዩነቱን በሙሉ አላስረዱትም። በኋላ የመጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ በገዛ ሥራ ላይ የመወሰን ነፃነት ማጣት ከልብ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ፋታ የሌላት የቤት ሠራተኛ ይህን ያለ ጥናትም ታውቀዋለች።

«አእምሮ በጭንቀት ከተጎዳ አለቀለት።»

እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ ለፈተና ሲዘጋጁ በጭንቀት የከረሙ የኒውዮርክ የሕክምና ተማሪዎች ትኩረታቸውን ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ማዞር ከብዷቸው ነበር። ጭንቀቱ ከቀነሰ ከአንድ ወር በኋላ ግን ተመለሰላቸው። ተማሪዎቹ ወጣቶችና ጤነኞች ነበሩ፤ ለዓመታት የተሸከሙት ጭንቀት እንዲህ በአንድ ወር ዕረፍት ይለቃል ማለት አይደለም።