የመሣሪያ መግለጫ አጻጻፍ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ ከጅማ

የመሣሪያ መግለጫ ማለት አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል (ኤጀንት፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞችን እየጠራ የተሰጠውን ሥራ የሚያከናውን ሥርዓት) ሊጠራው የሚችለው ፕሮግራም ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያገለግል፣ ምን ግብዓት እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ነው። ወኪሉን የሚያንቀሳቅሰው የቋንቋ ሞዴል ከመሣሪያው በስተጀርባ ያለውን ኮድ አያይም፤ የሚደርሱት የመሣሪያው ስም፣ መግለጫውና የግብዓቶቹ ዝርዝር ብቻ ናቸው። በመግለጫው ያልሰፈረውን ሞዴሉ በግምት ይሞላዋል። ጉዳዩ በአማርኛ ተሰባስቦ የሚነበብበት ቦታ ብዙ ስላልሆነ ይህ ዳሰሳ ከሞዴል አምራቾች ቴክኒካዊ ሰነዶችና በጅማ ከሚታወቀው የቡና ሥራ ተነሥቶ ተዘጋጅቷል።

ሞዴሎችን ከውጭ ፕሮግራሞች ጋር የማገናኘት ሐሳብ ቀደም ብሎም ነበር። ዛሬ የምናውቀው መልኩ ግን በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የተቀረጸ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች ሪአክት በተባለው ሥራቸው ሞዴሉ እያሰበ እርምጃ የሚወስድበትን፣ ውጤቱንም አይቶ እንደገና የሚያስብበትን ዑደት አሳዩ። በፌብሩዋሪ 2023 የሜታ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ቱልፎርመር ደግሞ ሞዴሉ ካልኩሌተርን፣ ፍለጋንና የቀን መቁጠሪያን መቼ እንደሚጠራ ራሱ እንዲማር አደረገ። የቻትጂፒቲ አምራች ኦፕንኤአይ ጁን 13 ቀን 2023 (ሰኔ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.) ፈንክሽን ኮሊንግን፣ ማለትም ሞዴሉ ፕሮግራም እንዲጠራ የሚያስችለውን አሠራር፣ ለፕሮግራመሮች ሲከፍት መግለጫ መጻፍ ከተመራማሪዎች እጅ ወጥቶ የማንኛውም ፕሮግራመር ሥራ ሆነ፤ ግብዓቶቹም ጄሰን ስኪማ በሚባለው ቅርጽ ይዘረዘሩ ጀመር። ሌላው የሞዴል አምራች አንትሮፒክ ኖቬምበር 25 ቀን 2024 (ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.) ይፋ ያደረገው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለ የጋራ የመገናኛ ደንብ አንድ ጊዜ የተሠራን መሣሪያ ብዙ ወኪሎች እንዲጠቀሙበት አስቻለ። ከዚያ ወዲህ መግለጫውን የትኛው ሞዴል እንደሚያነበው ጸሐፊው አስቀድሞ ላያውቅ ይችላል። ይኸው ድርጅት በቀጣዩ ወር እንዳስረዳው፣ ኮድ የሚያርም ወኪሉ ከዋናው ፎልደር ሲወጣ የፋይል አድራሻ ይሳሳት ነበር፤ መሣሪያው ሁልጊዜ ሙሉ አድራሻ እንዲጠይቅ ሲደረግ ስህተቱ ቀረ።

የጅማ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «የቡና ዋጋ ያመጣል» የሚል መግለጫ ያለውን መሣሪያ እንውሰድ። ቡና በገበያችን እሸት (ገና ያልደረቀ)፣ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ) ወይም የተቀሸረ (ገለባው የወጣለት)፣ እንዲሁም የታጠበ ወይም ያልታጠበ ሊሆን ይችላል፤ ሚዛኑም ኪሎ፣ ፈረሱላ ወይም ኩንታል ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ስለሆነ መለኪያው ያልተነገረው ወኪል የፈረሱላውን ዋጋ የኪሎ ነው ብሎ ለገበሬው ቢነግረው በ17 እጥፍ ያሳስተዋል። የተሻለው መግለጫ የሚከተለውን ይመስላል፦

«የተቀሸረ ቡናን የጅምላ ዋጋ በብር በፈረሱላ (17 ኪሎ ግራም) ይመልሳል። የታጠበና ያልታጠበ ቡናን ለየብቻ ያሳያል፤ የእሸትና የጀንፈል ዋጋ የለውም። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ ይሰጥ። በዕለቱ ግብይት ካልነበረ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል እንጂ የቀደመውን ቀን ዋጋ አይሰጥም።»

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያው የማይሠራውን የሚናገረው ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም እሱው ነው። እንዲህ ያለውን መግለጫ ፕሮግራመሩ ብቻውን ሊጽፈው አይችልም፤ ሚዛን ላይ የሚቆመው ሰው አብሮት ሊቀመጥ ይገባል። የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከልና እ.ኤ.አ. በ1952 ተመሥርቶ ኋላ ጅማ ዩኒቨርሲቲን ካስገኙት ተቋማት አንዱ የሆነው የግብርና ኮሌጅ ባሉበት ከተማ፣ ቃሉን ከነትርጉሙ የሚያውቅ ሰው ማግኘት አይቸግርም።

የቀንና የሰዓት ግብዓቶችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። ወርን ከ1 እስከ 12 ብቻ የሚቀበል መሣሪያ ጳጉሜን አይቀበልም። «ጠዋት 2 ሰዓት» የሚለው ቀጠሮ በሌላው አቆጣጠር 8 ሰዓት መሆኑ ካልተጻፈ ወኪሉ በሌሊት ሊመዘግበው ይችላል። «የቤተሰብ ስም» የሚል ግብዓት የአባት ስም እንደሚገባበት መግለጽ አለበት። በስም የሚፈልግ መሣሪያ ደግሞ ኃይሉን፣ ሃይሉንና ሀይሉን እንደ አንድ ይቆጥር እንደሆነ ቢናገር ወኪሉ አንዱን ሞክሮ «አልተገኘም» ብሎ አይመለስም። «ጅማ» የሚለው ቃልም ከተማውን ወይስ ዞኑን እንደሆነ ምርጫዎቹን በዝርዝር ማስቀመጥ ይገባል።

በመግለጫው ርዝመት ላይ ስምምነት የለም። አንዳንዶች አጭር ይሻላል ይላሉ፤ ምክንያታቸውም የሁሉም መሣሪያዎች መግለጫ የሞዴሉን የንባብ ቦታ ስለሚሻማ ነው። የአንትሮፒክ መመሪያ ግን ቢያንስ 3 ወይም 4 ዓረፍተ ነገር ይመክራል፤ ይህም ትክክል ነው። በአማርኛ ይጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ የሚለው ምናልባት እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ የግዕዝ ፊደል በአብዛኞቹ ሞዴሎች ብዙ ቶከን (ሞዴሉ ጽሑፍን ከፋፍሎ የሚያነብበት ቁራጭ) መፍጀቱ ግን የታወቀ ነው። በጅማ ጥያቄው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ስለሚመጣ መሣሪያው የሚቀበለውን ቋንቋ መጥቀስ ግድ ነው። ከማይታወቅ ምንጭ የመጣ መግለጫ የተደበቀ ትእዛዝ ሊይዝ ስለሚችል ሳይነበብ መጫን የለበትም።

መግለጫው የሚፈተነው ተጠቃሚዎች በሚናገሩበት ቋንቋ ጥያቄ እያቀረቡ ወኪሉ የትኛውን መሣሪያ በምን ግብዓት እንደጠራ መዝገቡን በማንበብ ነው። «የትናንት የጀንፈል ዋጋ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ከላይ ያለውን መሣሪያ ጠርቶ የተቀሸረውን ዋጋ ካመጣ መግለጫው እንደገና ይጻፋል፤ የጀንፈል ዋጋ እንደሌለው ገልጾ የተቀሸረውን ይፈልግ እንደሆነ ከጠየቀ ግን መግለጫው ሥራውን ሠርቷል።