ጂግለሩን በሽቦ አትውጉት

ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ሳምንት አያልፍም፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ያለው ጂግለር በሽቦ የተወጋበት ሞተር እየተገፋ ይመጣልኛል። ባለቤቱም «ካርቡሬተሩን አጽድቼዋለሁ፤ ግን ቤንዚን በላብኝ» ይለኛል። ይህን ስሰማ ሆዴ ያርራል።

«የተደፈነ ጂግለር በሽቦ ይከፈታል» የሚባለው ነገር ስንት ሞተር አበላሸ! ጂግለር መሃሏ የተበሳ ትንሽ የናስ ብሎን ናት። ሥራዋ ቤንዚኑን መመጠን ነው። የሚኒሞዋ ጂግለር (ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ ቤንዚን የምትመጥነው) ቀዳዳዋ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ናስ ለስላሳ ነው፣ የብረት ሽቦ ይፍቀዋል። የቀዳዳው ዲያሜትር በ10 በመቶ ቢጨምር ቤንዚን የሚያልፍበት ስፋት በ21 በመቶ ያድጋል። ዓይን ይህን አያይም። ሞተሩ ግን ያውቀዋል፦ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል።

ባለፈው ክረምት ከባቲ አንድ አባት መጡ። «ልጄ፣ ሦስት ጊዜ ታጠበ፤ ጭሱ ግን ባሰበት» አሉኝ። ካንዴላውን ፈታሁት፣ ጥላሸት ለብሷል። ጂግለሩን ወደ ብርሃን ሳዞረው ቀዳዳው ሞላላ ሆኗል። «በምን ጠረጉት?» ስላቸው «በፍሬን ገመድ ክር» አሉ። «አብሽሩ አባባ» አልኳቸውና አዲስ ጂግለር ገጠምኩ። ጭሱ በዚያው ጠፋ። ያ ሁሉ ወር የነደደው ቤንዚን ግን አንጀቴን በላው።

እንዲህ አድርጉ። ቤንዚኑን ዝጉ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር የተጠራቀመውን አፍስሱ። የሚኒሞዋን ማስተካከያ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው አጥብቋት፤ ስንት ዙር እንደሄደች ቆጥራችሁ ጻፉ። ስትመልሷት ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ ያንኑ ያህል ዙር ታላሏታላችሁ። ጎማ ነክ ነገሮችን አውጡ፤ የካርቡሬተር ማጽጃ ጎማን ያሳብጣል። ጂግለሩን ማጽጃው ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ከዚያ በአየር ንፉት። ኮምፕሬሰር ከሌላችሁ ጎሚስታ ቤት አለ። በአፍ መምጠጥና መንፋት ይቅር፣ ቤንዚን ሳንባ ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው። ቡና በሚፈላበት፣ ከሰል ባለበት አካባቢም ካርቡሬተር አይታጠብም። ቀዳዳው ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተከፈተ ጂግለሩን ቀይሩት።

«አልነሳ ካለ ካርቡሬተሩ ነው» ይላሉ። መጀመሪያ ካንዴላውን እዩ።

«ሰማያዊ ጭስ የካርቡሬተር ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። የሚነደው ዘይት ነው።

«ደሴ ስወጣ ሞተሬ ደከመ፣ ካርቡሬተሩ ተበላሽቷል» ብሎ ካቻቢቴ የሚያነሳም አለ። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ድብልቁ ትንሽ ይወፍራል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። ይህ ብልሽት አይደለም። የሚኒሞዋን ብሎን ብታዞሯትም ዳገቱን አያቀልላችሁም፤ እሷ የምትሠራው በእጅ የሚጠመዘዘው ጋዝ ሲዘጋና በትንሹ ሲከፈት ነው። ይልቅ የአየር ፊልትሮውን አጽዱ። በጥርጊያ መንገድ ለሚመላለስ ሰው አቧራው ቶሎ ይደፍነዋል፣ ያኔ ድብልቁ የባሰ ይወፍራል።

«አንዴ ካጸዳሁት በቃ» የሚለውም ሌላው ነው። ቆሻሻው ከየት መጣ? አንድ ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳጥቦ ሦስተኛውን እኔ ጋ መጣ። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ውስጥ ባትሪ አበራሁ፤ ታቹ ዝጎ ዝገቱ ይረግፋል። የቤንዚን ፊልትሮም አልነበረውም። ሰልባትዮውን አጥበን ፊልትሮ አስገባንለት፣ ከዚያ ወዲህ ለዚህ ጉዳይ አልተመለሰም። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን የምትገዙም ትንሽ አቆዩት። ውሃ ካለው ታች ይዘቅጣል፤ ያንን ወደ ሰልባትዮ አትገልብጡ። ሞተሩ ለወራት የሚቆም ከሆነም ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን አፍስሱት። ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆንና መጀመሪያ የሚደፍነው ያችኑ የሚኒሞዋን ጂግለር ነው።