ካርቪንግ ምንድን ነው? በበረዶ ላይ ፈር ይዞ መዞር

አጎቴ እንጅባራ አቅራቢያ ነው የሚኖሩት። ዕድሜ ልካቸውን ፈረስ ጋልበዋል። ለጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሄጄ እሳቸው ዘንድ ሰነበትኩ። አንድ ማታ ኦስትሪያ ሳለሁ የተነሳሁትን ቪዲዮ በስልኬ አሳየኋቸው። ነጭ ተራራ ላይ፣ ስኖውቦርድ በሚባል አንድ ጣውላ ላይ ቆሜ፣ ቁልቁል እየተጠማዘዝኩ እወርዳለሁ። ደጋግመው አዩት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እግርህን የያዘው ምንድን ነው? እርካብ አለው?»

«አለው ጋሼ» አልኳቸው። ጨዋታው ከዚያ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ። ይህን ጽሑፍ የወለደውም ያ ማታ ነው።

መጀመሪያ ስለ በረዶው። እኛ ጎጃም ውስጥ «በረዶ» ስንል ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ ሰብል የሚያወድመውን ነው። ጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል፤ ግን ስኖውቦርድ የሚነዳበት ነገር የለም። የአውሮፓው በረዶ እንደ ተባዘተ ጥጥ ይወርዳል። ይከመራል። የመዝናኛ ተራሮቹ ላይ ደግሞ ሌሊት በመኪና ተደልድሎና ተጠቅጥቆ ያድራል። ካርቪንግ የሚያምረው እንዲህ በተደለደለው ላይ፣ ጠዋት ሰው ሳይረግጠው ነው።

ስኖውቦርድ በሁለት መንገድ ይዞራል። አንዱ መንሸራተት ነው። ቦርዱ ወደ ጎን እየተጎተተ በረዶውን ይፍቃል፤ ፍጥነቱ ይሞታል፤ ከኋላ ሰፊ የተጠረገ ምልክት ይቀራል። ሁለተኛው ካርቪንግ ነው። እዚህ የቦርዱ የብረት ጠርዝ በረዶውን ነክሶ ይይዛል። አፍንጫው በሄደበት መስመር ጭራውም ይከተላል። የሚቀረው ምልክት አንድ ቀጭን መስመር ነው።

እኛ አገር ያረሰ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ካርቪንግ ማለት ፈር መያዝ ነው። መንሸራተት ደግሞ ፈር መልቀቅ። ለአጎቴም ያልኳቸው ይህንኑ ነው፤ ወዲያው ገባቸው።

ግን ቦርዱ በሬ የለው፣ ልጓም የለው፤ ማን ያዞረዋል? ቅርጹ ነው። ከላይ ስታዩት ሁለቱ ጫፎቹ ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን ነው። ስለዚህ ጎኑ ቀጥ ያለ ሳይሆን የትልቅ ክብ ቁራጭ ነው። ያንን ቁራጭ ቀጥላችሁ ሙሉ ክብ ብታደርጉት፣ በብዙ ተራ ቦርዶች ከመሐል እስከ ዳር ከ7 እስከ 9 ሜትር ይሆናል። ቦርዱን በጠርዙ ስታቆሙት ሁለቱ ጫፎች በረዶውን ይነካሉ፤ ወገቡ አየር ላይ ይቀራል። ክብደታችሁ ወገቡን ወደ ታች ሲጫነው ቦርዱ እንደ ደጋን ይጎብጣል። በጎበጠበት መስመር ይሄዳል። ይኸው ነው ምስጢሩ።

ይበልጥ ባጋደላችሁት ቁጥር ክቡ ይጠብባል። 8 ሜትር የነበረው፣ ቦርዱ 45 ዲግሪ ሲያጋድል ወደ 5.7 ሜትር ይወርዳል። 60 ዲግሪ ላይ 4 ሜትር ይሆናል። የማዞሩ ሥራ የማጋደል ሥራ ነው፤ እግር ገፍቶ የሚያዞረው አይደለም።

እኔ ይህን ለማወቅ አንድ ሙሉ ክረምት ፈጀብኝ። የኋላ እግሬን እየወረወርኩ ቦርዱን ላዞረው ስታገል ከረምኩ። በወረወርኩት ቁጥር ጭራው ከፈሩ ይወጣል፤ ጠርዙ ይለቃል፤ እወድቃለሁ። ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ይህንን ነው። ሰውነት መቸኮል ይወዳል። መፍትሔው ዳገቱ ረጋ ያለ ቦታ ላይ ሆኖ ማጋደል፣ ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ቦርዱ ራሱ ይዞራል።

አሁን ወደ እርካቡ። በእንግሊዝኛው ባይንዲንግ ይሉታል። የእኛ የጥንት ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ሆኖ እርካብ ውስጥ የሚያስገባው አውራ ጣቱን ብቻ ነበር። ባይንዲንግ ግን ሙሉ ጫማውን በሁለት ጠፍር ጠፍሮ ይይዛል። ስለዚህ ሲታሰር የተበላሸ ነገር ቀኑን ሙሉ ጉልበት ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ቦርድ ያከራየኝ ሱቅ ሁለቱንም እግሬን በዜሮ ዲግሪ፣ ማለትም ቦርዱን ቀጥ ብሎ እንዲያቋርጥ አድርጎ አስሮ ሰጠኝ። ጉልበቴ ለሳምንት አመመኝ። ማስተካከል እንደሚቻል እንኳ አላውቅም ነበር።

ብዙ ሰው የሚጀምረው የፊት እግሩን 15 ዲግሪ ወደ ፊት፣ የኋላውን ደግሞ ወደ ኋላ አዙሮ ነው፤ እንደ ዳክዬ አቋቋም። ለመማር ጥሩ ነው። ለካርቪንግ ግን ሁለቱንም እግር ወደ ፊት ማዞር የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው፤ ለምሳሌ የፊቱን 27 ወይም 30፣ የኋላውን 9 ወይም 15። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዳሌና ትከሻ ወደ ጉዞው ይዞራሉ፤ ሁለቱ ጉልበቶችም ወደ አንድ አቅጣጫ ይታጠፋሉ። በጠንካራ ጫማ የሚወዳደሩት ከ50 ዲግሪ በላይ ይሄዳሉ። የእኔ ምክር ግን በአንዴ አትዝለሉ ነው። በ3 ዲግሪ፣ በ3 ዲግሪ ቀይሩና አንድ ቀን ሞክሩት። ጉልበት ካመመ ተመለሱ።

ሰው የሚረሳው ሌላው ነገር የጫማ መትረፍ ነው። ጫማው ከቦርዱ ስፋት በጣቱም በተረከዙም በኩል ትንሽ ያልፋል። በጣም ስታጋድሉ የተረፈው ጫማ በረዶውን ይነካል፤ ጠርዙን ያነሳዋል፤ ሰውየው በዚያ ፍጥነት ይጣላል። ስለዚህ ባይንዲንጉ ጣትና ተረከዝ እኩል እንዲተርፉ ሆኖ መሐል ላይ ይታሰር። እግራችሁ ትልቅ ከሆነ ሰፊ ቦርድ ፈልጉ። የእግሮቹ ርቀት ከትከሻ ትንሽ ሰፋ ቢል ይበቃል፤ ቁጢጥ ብላችሁ ካልከበዳችሁ ልክ ነው። ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው የጀርባ መደገፊያ ትንሽ ወደ ፊት ሲያዘነብል ደግሞ የተረከዙ ጠርዝ ቶሎ ይነክሳል። ሲበዛ ጭን ያቃጥላል።

ወደ ሰውነት ስንመጣ፣ አጎቴ ከእኔ ይልቅ ያውቁ ነበር። ቪዲዮውን አስቁመው «እዚህ ላይ እግርህን ነው የምታየው» አሉኝ። እውነት ነው። «ፈረስም ዓይንህን ነው የሚከተለው። የምትደርስበትን እይ።» ዓይን ሲዞር ትከሻ ይዞራል፤ ትከሻ ሲዞር ዳሌ ይከተላል። በጣት ጠርዝ ስትዞሩ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እጠፉ፤ አገዳችሁ የጫማውን ምላስ ይጫን፤ ወገባችሁን ግን አትጉበጡ። በተረከዝ ጠርዝ ስትዞሩ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ እንደምትቀመጡ ሁኑ። በረዶውን በእጅ ለመንካት መንጠራራት ይቅር። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ክብደቱን ግን ከጠርዙ ላይ ያነሳል።

«ከእኛ ሰው ይህን የሚያደርግ አለ?» ብለውም ጠየቁኝ። ስለ ሮቤል ተክለማርያም ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው እሱ ነው፤ ስፖርቱ ግን አገር አቋራጭ ስኪ ነበር። ስኖውቦርድ ራሱ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን፣ ናጋኖ ነው።

እየተማራችሁ ያላችሁ፣ በስዊድንም በካናዳም ያላችሁ፣ አንድ ነገር አድርጉ። ጠዋት ወደ ተራራው የሚያወጣው ሊፍት ሲከፈት ቀድማችሁ ውጡ። አራት አምስት ጊዜ ዙሩና ቁሙ። ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን እዩ። መስመሩ እንደ ክር ከቀጠነ ፈር ይዛችኋል። የሆነ ቦታ ላይ ሰፍቶ ከታየ፣ የኋላ እግራችሁን የገፋችሁት እዚያ ጋ ነው።