የቬፕ ዋትና ሙቀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስልክና ቻርጀር እጠግናለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ቬፕ (በባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ጉሮሮዬን ይለበልበኛል። ስንት ዋት ላይ ላድርገው?» አለኝ። ኮይሉን፣ ማለትም ፈሳሹን የሚያሞቀውን ሽቦ ከነጥጡ፣ ፈትቼ አሳየሁት። ነጭ መሆን የሚገባው ጥጥ ጠቁሯል፤ ስነካው እንደ ከሰል ፈረሰ።

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ስለምሰማ ልጻፍበት ብዬ ነው። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትንም መሸጥንም ይከለክላል። ኒኮቲንም ሱስ ያስይዛል። ያልጀመራችሁ አትጀምሩት።

«ዋቱ በጨመረ ቁጥር ይጥማል»

ዋቱን የሚወስነው ኮይሉ ነው። ኦም ማለት ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚቃወምበት ልክ ነው። 1.2 ኦም ለሆነ ኮይል አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዋት ይበቃዋል። 0.2 ኦም የሆነው ግን 50 ዋትም ሊችል ይችላል። ልኩ ብዙ ጊዜ ኮይሉ ላይ ተጽፏል። የልጁ ኮይል 1.2 ነበር፤ እሱ 30 ላይ አድርጎታል።

ኩራዝ ያበራ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጋዝ እስካለ የሚነደው ጋዙ ነው። ጋዙ ሲያልቅ ክሩ ራሱ ይነዳል፤ ቤቱም በጭስ ይታጠናል። እዚህም ሽቦውን የሚያቀዘቅዘው ጥጡ የያዘው ፈሳሽ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ጥጡ መጥጦ አይደርስም፤ ይደርቅና ያርራል። ታንኩ ሙሉ ሆኖም ይህ ይደርሳል። በላይ በላዩ ሲሳብም እንዲሁ። ፈሳሹም ከልክ በላይ ሲግል ፎርማልዴይድና አክሮሊን የሚባሉ ጎጂ ነገሮች ይወጡታል። ስለዚህ የማረር ጣዕም ከመጣ ወዲያው ማቆም ነው። ያረረ ጥጥ ዋት ስለተቀነሰ አይድንም።

«የውሃ እንፋሎት ብቻ ነው»

ማርቆስ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቬፕ ፈሳሽ ግን በዋናነት ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው። የመጀመሪያው በ188፣ ሁለተኛው በ290 ዲግሪ ነው የሚፈላው። ከጀበና አፍ ከሚወጣው እንፋሎት ጋር ምንም አያገናኘውም።

«ስክሪኑ 220 ካለ ሙቀቱ 220 ነው»

በዲግሪ የሚስተካከል ቬፕም ውስጡ ቴርሞሜትር የለም። ሽቦው ሲግል ኦሙ ይጨምራል፤ መሣሪያው ከዚያ ተነስቶ ያሰላል። ይህ የሚሠራው በኒኬል፣ በታይታኒየምና በስቴንለስ ስቲል ሽቦ ነው። ካንታል የሚባለው ሽቦ ኦሙ እምብዛም ስለማይለወጥ በዲግሪ መቆጣጠር አይቻልም። ሌላም አለ። ኮይሉ ሳይቀዘቅዝ ከተገጠመ ስሌቱ ከመነሻው ይሳሳታል፤ እውነተኛው ሙቀት ስክሪኑ ከሚለው በላይ ይሆናል።

«ዝቅ ካደረግኩት አይጎዳኝም»

ማረሩ ይቀንሳል፤ ኒኮቲኑ ግን የትም አይሄድም። ሰውም ጭሱ ሲያንሰው ደጋግሞ ይስባል።

«ባትሪ ባትሪ ነው»

ይሄኛው በጣም ያስፈራኛል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ ባትሪ ቺፕ (ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠር ክፍል) የሌለው ቬፕ ውስጥ ይከቱታል። ሙሉ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው። ኮይሉ 0.15 ኦም ከሆነ 4.2 ለ0.15 ሲካፈል 28 አምፔር ይመጣል። የላፕቶፕ ባትሪ የተሠራው ከዚህ በጣም ላነሰ ነው፤ ግሎ ኪስ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ያለ ቬፕ ካመጣችሁልኝ ባትሪውን አወጣለሁ እንጂ አልጠግነውም።