የኤታኖል ፍሳሽን ኦክሳይድ ማድረግ ምንድን ነው?

እዚህ አዳማ ስለ አዋሽ ብክለት በተነሣ ቁጥር የኤታኖል ፋብሪካ ፍሳሽ ኦክሳይድ ከተደረገ፣ ማለትም በውስጡ ያለው ብክለት በኬሚካል ከተሰባበረ፣ ይጠራል፣ ከጠራ ደግሞ ንጹሕ ነው የሚል አባባል ይደጋገማል። ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ኩልል ያለ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ፎቶ አያይዘው ይህንኑ በእርግጠኝነት ጽፈዋል። ፎቶው የሚያስረዳው ቀለሙ መጥፋቱን ብቻ ነው።

ከሞላሰስ፣ ማለትም ከስኳር ምርት ከሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ፣ 1 ሊትር ኤታኖል ሲመረት ከ10 እስከ 15 ሊትር ፍሳሽ ይወጣል፤ ጥቁር ቡናማ መልኩን በዋናነት የሚሰጡት ባክቴሪያ በቀላሉ የማይበላቸው፣ ሜላኖይዲን የተባሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች ናቸው። በፌንተን ዘዴ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ፌረስ ሰልፌት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 3 ገደማ በሆነ አሲዳማ ፍሳሽ ውስጥ ሲገናኙ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ፣ ያገኘውን ሞለኪውል በኃይል የሚያጠቃ ቅንጣት ይፈጠራል፤ እርሱም ቀለም ሰጪውን የሞለኪውል ክፍል ቀድሞ ይሰብረዋል። መሰበሩ ግን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ መለወጡ አይደለም። ግንድ በመጥረቢያ የፈለጠ ሰው ግንዱን አላነደደውም፤ ፍልጡ አሁንም ግቢው ውስጥ ተከምሯል። ትርፉ ፍልጡ በቶሎ የሚነድ መሆኑ ሲሆን፣ ማንደዱ የባክቴሪያ ሥራ ነው። ጭራሮ በመጥረቢያ መፍለጥም ከንቱ ድካም ስለሆነ፣ በቀላሉ የሚበላው አየር አልባ በሆነ ማብላያ ውስጥ ካለቀ በኋላ ነው መጥረቢያው ለቀረው ግንድ የሚነሣው። እርግጥ ከማብላያው የሚወጣው ፍሳሽ ፒኤቹ ከፍ ስለሚል፣ እንደገና አሲድ የመጨመሩ ወጪም ይታሰብ።

ኬሚካሉን አብዝተን ጥሬውን ፍሳሽ ሙሉ በሙሉ እንፍጀው የሚሉ አሉ። የጥሬው ፍሳሽ የኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት (ሲኦዲ)፣ ማለትም ብክለቱን ኦክሳይድ ለማድረግ የሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን፣ በሊትር 100 ግራም ሊደርስ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ግራም በስሌት 2.1 ግራም ያህል ፐርኦክሳይድ ያስፈልጋል። ስለዚህ 1 ሜትር ኩብ ፍሳሽ 50 በመቶ ከሆነው ፐርኦክሳይድ 420 ኪሎ ግራም ያህል ይፈጃል፤ ያውም በፍሳሹ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ራዲካሉን ሳይሻማ።

ካልተጠየቅሁት ልጨምር፦ በናሙናው ውስጥ የተረፈ ፐርኦክሳይድ ሲኦዲ የሚለካበትን የዳይክሮሜት ምርመራ ስለሚያዛባ ውጤቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። በመጨረሻ ፒኤቹ ሲስተካከል ደግሞ ብረቱ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ «ጠፋ» ከተባለው ብክለት ከፊሉ ከዝቃጩ ጋር ተጣብቆ የወረደ ስለሆነ፣ ዝቃጩ የት ተጣለ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፖታሲየሙንና ሌላውን ጨው ኦክሲዴሽን ጨርሶ አይነካውም፤ ያ የጠራ ውሃ ለመስኖ ይሁን ከመባሉ በፊት ጨዉ ለብቻው ይለካ።