አውትሪገር ምንድን ነው? ጫፉን ተመልከቱ

«ጀልባዋ አውትሪገር ስላላት አትገለበጥም።» ይህ አባባል አንዴ ቢነገር ዝም ተብሎ ይታለፍ ነበር። ሰሞኑን ግን አንድ ተንታኝ በሙሉ ልብ ደገመው፤ ማስረጃ ያደረገው ደግሞ ክሬንን ነው። በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ በኩል ግንባታ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ መኪና ላይ የተጫነ ክሬን ዕቃ ከማንሳቱ በፊት እግሮቹን ግራና ቀኝ ስቦ አውጥቶ መሬት ያስረግጣል። የእነዚያ እግሮች ስም በእርግጥም አውትሪገር ነው። እንግዲህ በባሕር ላይ የዓሣ ጀልባ ግራና ቀኝ የሚዘረጉት፣ በዚሁ ስም የሚጠሩት ረጃጅም ዘንጎችም ድጋፍ ናቸው ተባለና ነገሩ ተዘጋ።

ጫፋቸውን ብቻ ተመልከቱ። የክሬኑ እግር ጫፍ መሬት ይነካል፤ ክብደቱን ለአፈሩ ያስረክባል (አፈሩ መረሬ ከሆነና ክረምት ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይነጠፍለት፤ አለበለዚያ ይሰምጣል)። የፓስፊክ ደሴቶች ታንኳ ጎን ላይ የሚታሰረው ተንሳፋፊ ግንድም አውትሪገር ይባላል፤ እሱ ውሃ ይነካል፣ ታንኳው ሲያዘነብል ውሃው ግንዱን ወደ ላይ እየገፋ ይመልሰዋል። የዓሣ ማጥመጃው ዘንግ ጫፍ የሚነካው አየር ነው። አየር ጀልባ አይደግፍም። እንዲያውም ዘንጎቹ ጣሪያ ላይ ሲታሰሩ የጀልባዋን የክብደት ማዕከል በጥቂቱ ወደ ላይ ያወጡታል። ማዕበል ሲያንከባልላት ጫፉ ውሃ ከመታ፣ ዘንጉ ይሰበራል ወይም ማሰሪያውን ይነቅላል እንጂ ጀልባዋን አያቀናም።

ሥራው ክር ማራራቅ ነው። ጀልባዋ በሰዓት ከ11 እስከ 16 ኪሎ ሜትር እየሄደች ማባበያ (ዓሣን የሚስብ፣ መንጠቆ ያለበት ነገር) ከኋላዋ ስትጎትት፣ ስፋቷ 2.5 ሜትር ብቻ ከሆነ ክሮቹ ተጠጋግተው ይሄዳሉ፤ በመታጠፊያ ላይ ይተበተባሉ። 5 ሜትር ዘንግ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ቢዘም በየጎኑ 3.5 ሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በሁለቱ ክሮች መካከል ያለው ርቀት ወደ 9.5 ሜትር ያድጋል፤ ማባበያውም ከሞተሩ አረፋ ወጥቶ በጠራ ውሃ ላይ ይሄዳል። ክሩ ከከፍታ ስለሚወርድ ደግሞ አብዛኛው ከውሃ በላይ ይቀራል፣ ማባበያው ላይ ላዩን እየዘለለ ይጓዛል።

አሠራሩን ለመረዳት የትምህርት ቤት ባንዲራ መስቀያ አስቡ። ምሰሶው ጫፍ ላይ ፑሊ አለ፤ በፑሊው ዞሮ የሚመለስ ገመድ አለ። አውትሪገር ያዘመመ የባንዲራ ምሰሶ ነው። በባንዲራው ቦታ ገመዱ ላይ መቆንጠጫ ይታሰራል፤ ከማጥመጃው በትር የመጣው ክር መቆንጠጫው ውስጥ ይገባና ወደ ጫፉ ይሰቀላል። ገመዱ ከላላ በነፋስ ምሰሶውን እየደበደበ እንደሚያስቸግረው ሁሉ፣ እዚህም ዳር ላይ ላስቲክ ይገባበትና ሁልጊዜ ይወጠራል። ንጽጽሩ የሚፈርሰው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ይህ ባንዲራ የሚሰቀለው እንዲነጠቅ ነው። ዓሣው ሲመታ መቆንጠጫው ይለቃል፣ ክሩ ወደ ውሃው ይወድቃል፣ ከዚያ ወዲያ ትግሉ የበትሩና የማጠንጠኛው ነው። ዘንጉ «ዓሣውን ጎትቶ ያወጣል» የሚሉትም እንግዲህ ይህን አላዩም ማለት ነው። ክሩ ወድቆ እስኪወጠር ያለችው ቅጽበት ራሷ ትጠቅማለች፤ ሴይልፊሽ የሚባለው ረጅም ሹል መንቁር ያለው የውቅያኖስ ዓሣ መጀመሪያ በመንቁሩ መትቶ ቀጥሎ ስለሚውጥ፣ ማባበያው እውነተኛ ዓሣ ከሆነ ያ ትንፋሽ መንጠቆው አፉ እስኪገባ ጊዜ ይሰጠዋል።

የመቆንጠጫው ጥብቀት በእጅ ይሞከራል። ማባበያው በጉዞ ፍጥነት ከሚስበው ትንሽ ብቻ በላይ መያዝ አለበት። ከላላ እያንዳንዱ ሞገድ ያስለቅቀዋል፤ ከጠበቀ ዓሣው ዘንጉን እያጎበጠ መንጠቆውን ይተፋዋል።

ከ6 እስከ 9 ሜትር ለምትረዝም ጀልባ ከ4.5 እስከ 5.5 ሜትር የሆነ፣ እንደ ሬዲዮ አንቴና ተስቦ የሚረዝም ዘንግ የተለመደ ነው። ገመዱ ከ130 እስከ 180 ኪሎ የሚችል ወፍራም የናይለን ክር ይሁን፤ ርዝመቱ የሚለካው ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ተስቦ ሳለ ነው። ታጥፎ ሳለ ከተለካ፣ ሲዘረጋ ገመዱ ያጥርና ቀጭኑን ጫፍ ይቀለብሰዋል። ሲዘረጋ መጀመሪያ የሚወጣው የጫፉ ቀጭን ክፍል ነው። ወፍራሙ ከቀደመ የቀጭኑ መቆለፊያ ከእጅ ይርቃል። ሲታጠፍ በተቃራኒው ነው፤ የሚላላው ገመድ ደግሞ ይጠቀለላል፣ አለበለዚያ ሞተሩ ያገኘዋል።

ማሰሪያው በብሎን ብቻ ተጠብቆ አይተውም። ብሎኑ የጀልባዋን ፋይበር ግላስ አልፎ ከሥር ሰፊ ሳህን፣ ሮንዴላና ዳዶ ይያዝለት፤ 5 ሜትር ርዝመት ያለው ማንሻ እያንዳንዷን የሞገድ ምት አብዝቶ ነው ወደ ሥሩ የሚያደርሳት። የማይዝግ ብረት ብሎን ከአሉሚኒየም ጋር በጨው ውሃ ሲገናኝ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ በመካከላቸው መከላከያ ቅባት ይግባ። ጨው ደርቆ መጋጠሚያዎቹን ስለሚያጣብቅ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ዘንጉ ተዘርግቶ በጨዋማ ባልሆነ ውሃ ይታጠባል። ግራሶ ግን አይቀባ፤ አሸዋ ይሰበስባል።

ይህን አንብቦ ዝዋይ ላይ ለመትከል የሚያስብ ካለ ይቆይ። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ በሊታ ነው፤ የሚሮጥ ማባበያ አያሳድድም። የተዘረጋው መረብም በሞተሩ ይጠቀለላል። ዘንጉ ኬንያ፣ ማሊንዲና ዋታሙ ፊት ለፊት ባለው ውቅያኖስ ላይ ነው ቦታው። ጀልባ በተጎታች ጭኖ በሰበታ ወይም በቡራዩ በኩል የሚያልፍ ሰው ዘንጎቹን ሙሉ በሙሉ አጥፎና አስሮ ይሂድ፤ አሉሚኒየምም ካርቦን ፋይበርም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፣ ሽቦው ደግሞ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ አይዘረጋም።