«ፈቃድ አለኝ እኮ» እና ሌሎች ጎረቤት ቤት ሲሠራ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ባለፈው ዓመት ከታች ያሉት ጎረቤቴ ጂ ፕላስ ቱ ሊሠሩ ኤክስካቫተር አስገቡ። የጎንደርን መሬት ታውቁታላችሁ፣ ቁልቁለት ነው፣ የኔ ግቢ ከላይ የሳቸው ከሥር፣ እና እስከ ወሰኑ ድረስ ሦስት ሜትር ያህል ቀጥ አድርገው ሲያስቆርጡት የድንጋይ አጥሬ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ጥፍር አያስገባም ነበር፣ ሐምሌ ላይ እጄ እስከ አንጓው ገባበት። «ጋሼ ኧረ አጥሬ» ስላቸው «ልጄ፣ ፈቃድ አለኝ እኮ» አሉኝና አፌን ይዤ ተመለስኩ። በኋላ ስጠይቅ ስመላለስ ነው ሰፈር ውስጥ የምናወራው ግማሹ ስህተት መሆኑ የገባኝ።

«ፈቃድ ካለው ምንም ማለት አይቻልም።»
እኔን ያስጠቃኝ ይሄ ነው። የግንባታ ፈቃድ በባለቤቱና በከተማው መሃል ያለ ጉዳይ ነው፣ ዲዛይንህን አይተናል ሥራ ማለት እንጂ የጎረቤት አጥር አፍርስ ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 ላይ ሌላውን ሰው ካልተለመደ አደጋ ላይ የጣለ፣ የመሬቱን አቀማመጥ በመለወጥም ቢሆን፣ ጉዳቱ ሲደርስ ኃላፊ ነው ይላል፣ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ። እኛን ገደል ላይ የሰፈርነውን አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው። ማስረጃ ማቅረቡ ግን ያንተ ሥራ ነው፣ ስለዚህ ማሽኑ ሳይገባ አጥርህንም ግድግዳህንም በስልክህ አንሳ። እኔ የነበረኝ የበፊት ፎቶ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ለጥምቀት ልጆቹ ነጭ በነጭ ለብሰው አጥሩ ሥር የተነሱት፣ እና ያቺ ፎቶ ናት የጠቀመችኝ።

«መጀመሪያ ቤቱ ይለቅ፣ ከዛ እንከሳለን።»
የሁከት ይወገድልኝ ክስ፣ ማለትም ይዞታዬን የሚያውከው ይቁምልኝ የምትልበት፣ የጊዜ ገደብ አለው፣ 2 ዓመት ነው፣ እዛው ፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ላይ አለ። ሽማግሌ መላክ ጥሩ ነው፣ እኛም በሽማግሌ ነው የጨረስነው፣ ግን ቀኑን እየቆጠርክ።

«ካርታ አለኝ፣ በቦታዬ የፈለግኩትን እሠራለሁ።»
ካርታ ይዞታህን ነው የሚያሳየው። መጀመሪያ የፕላን ስምምነት ታወጣለህ፣ በቦታው ላይ ምን እንደሚፈቀድ እዛ ላይ ታያለህ፣ ከዛ ዲዛይን፣ ከዛ የግንባታ ፈቃድ። ሰው ግን መጀመሪያ ዲዛይኑን በውድ ያሠራና ኋላ ቦታው ይሄን አይፈቅድም ሲባል ራሱን ይይዛል።

«ጊዜያዊ ናት፣ ሰርቪስ ናት፣ ፈቃድ አትፈልግም።»
የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ (ቁጥር 624) ሕንፃ ሲል ቋሚውንም ጊዜያዊውንም ነው፣ ግንባታ ሲል ደግሞ አዲስ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ነባሩን ማሻሻልና አገልግሎቱን መቀየርንም ይጨምራል። ሳሎኑን ግሮሰሪ ያደረግከው ወንድሜ፣ አንተንም ይመለከታል (ቢራው ቀዝቃዛ ስለሆነ ስም አልጠራም)።

«ቅርስ ማለት ግንቡ ብቻ ነው።»
በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ ብቻውን አይደለም፣ ጥምቀተ ባሕሩም፣ ቁስቋምም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴም አብረው አሉበት። በነሱ ዙሪያ የምትሠራ ከሆነ የከተማው ፈቃድ ብቻውን ላይበቃህ ይችላል፣ የቅርስ ሰዎችንም ቀድመህ ጠይቅ።

«ደጋፊ ግንብ ከተሠራ ነገሩ አለቀ።»
አላለቀም። ክረምት ላይ ውሃው ከግንቡ ጀርባ ይጠራቀማል፣ መውጫ ካጣ አፈሩን ይዞ ግንቡን ይገፋዋል፣ ወፍራም ነው ቀጭን ነው አይልም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ግንቡን ጋሼ ያሠሩ ብለው ሲፈርዱ እኔ የጠየቅኩት ቁመት ሳይሆን ቀዳዳ ነበር፣ በየሜትር ተኩሉ አንድ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ከኋላው ጠጠር። ጋሼ «ያንተን ዝናብ እኔ ልጠጣልህ?» ብለው ተቆጡ፣ ሁለት ቀን ሰላምታም አቆሙ። በሦስተኛው ቀን ግንበኛው ራሱ ነገራቸውና ከሥሩ ቦይ አስቆፍረው ውሃውን ወደ መንገዱ ቦይ አወጡት።